አባባ ገና አልሰማም፤ መርዶውን እንዴት ልንገረው?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው። ታላቅ እህቴ ጂዳ ሰው ቤት እየሠራች 4 ዓመት ቆየች። ታማ ሞተች ብለው ጓደኞቿ ከደወሉልን ዛሬ 9 ቀን ሆነ። እዚያው ተቀብራለች። አባታችን ደሴ ነው የሚኖረው፤ ግፊት አለበት። የእህቴ ልጅ የ8 ዓመት ልጅ ናት፣ እሱ ጋ ነው የምታድገው። ሁለቱም አልሰሙም። እህቴ በየዓርቡ ማታ ትደውልላቸው ነበር። ያለፈውን ዓርብ ‹ስልኳ ተበላሽቶ ነው› ብለን አለፍነው። አጎቴ ‹አረፋ ይለፍና ይነገረው› ይላል። አክስቴ ‹መጀመሪያ ታማለች እንበለው› ትላለች። አንድ ዘመዳችን ደግሞ የእንቅልፍ ኪኒን በሻይ ሰጥተን እንንገረው አለ። የምትነግሪው አንቺ ነሽ ተብያለሁ። እንቅልፍ የለኝም። አባቴን በገዛ እጄ እንዳልገድለው እፈራለሁ። ምን ብዬ ልጀምር?»

እህቴ፣ አላህ ይርሐማት። ለአንቺም ሰብሩን ይስጥሽ። ይህን ያስቀደምኩት ለወግ ያህል አይደለም። ከጻፍሽው እንደማየው እስካሁን ይህን ያለሽ ሰው የለም። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ወሬ ጠባቂ ሆነሽ ከረምሽ። እህቷ የሞተችባት ሰው መሆንሽን ቤተሰቡም፣ ምናልባት አንቺም፣ ረስታችሁታል።

ፍሬ ነገሩን ላስቀድም። አረፋን አትጠብቁ። ከመጪው ዓርብ በፊት ይነገረው። «ታማለች» የሚለውን ተዉት። ኪኒኑን ጭራሽ አታንሱት። ልጅቱም በዚያው ጠዋት ትስማ። አሁን ለምን እንደሆነና እንዴት እንደሚደረግ ልንገርሽ።

ሥራዬ ማማከር ነው፤ ሐኪም አይደለሁም። ደሴ ውስጥ ሐዘን ከገባባቸው ሰዎች ጋር መቀመጥ ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። የመርዶን ነገር ግን መጀመሪያ ያወቅሁት በትምህርት አይደለም። አዲስ አበባ ተማሪ ሳለሁ አንድ ዘመዴ መጣና «አባትህን ትንሽ አሞታል፤ ሊያይህ ፈልጓል» አለኝ። አውቶቡስ ተሳፈርን። 400 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዛሁ። ሸዋ ሮቢት ምሳዬን ጥርግ አድርጌ በላሁ። አጠገቤ ከተቀመጠ ልጅ ጋር ስለ ኳስ ስንከራከር በሣቅ ፈረስን። ዘመዴ መንገዱን ሙሉ በመስኮት ወደ ውጭ ነበር የሚያየው። ሰፈር ስንደርስ ድንኳኑን አየሁት። አባቴ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነበር።

የአባቴን ሞት ውሎ አድሮ ተቀበልኩት። ያ ቆሎ ግን ዓመታት ፈጀብኝ። ሁሉም እያወቀ እኔ ብቻ የሣቅሁበት ቀን ነው። ዘመዴ ክፉ ሰው አልነበረም። መንገድ ላይ እንዳልወድቅበት ፈርቶ ነው። አጎትሽና አክስትሽም እንደዚያው ናቸው። ስለዚህ አትቀየሚያቸው። ግን እሺ አትበያቸው።

ወደ ግፊቱ ልምጣ። ፍርሃትሽ ተረት አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ነበር። ድንገተኛ የልብ ሕመም ደርሶባቸው የተረፉ ከ1,900 በላይ ሰዎችን ጠይቋል። የቅርብ ሰው ከሞተ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ቀን፣ በልብ ሕመም የመመታት ዕድል ከሌላው ጊዜ በ21 እጥፍ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ቁጥሩ ያስደነግጣል። ልብ በይ ግን። ከጥቂት ላይ የተባዛ 21 እጥፍ አሁንም ጥቂት ነው። አብዛኛው ሐዘንተኛ ልቡ ተጎድቶ አይሞትም። እኛም ለቅሶ ቤት ስንት ግፊት ያለባቸው ሽማግሌዎች አይተናል።

ዋናው ነገር ሌላ ነው። ወሬው በመቆየቱ አያንስም። አረፋ ማግስት ሲሰማም ያው ልጁ ናት። እናንተ መለወጥ የምትችሉት የሚሰማበትን ሁኔታ ብቻ ነው። ኪኒኑን በሰዓቱ ውጦ፣ ቤቱ ተቀምጦ፣ የሚወዳቸው ሰዎች አጠገቡ ሆነው ይሰማል? ወይስ ሱቅ በር ላይ ቆሞ አንድ ጎረምሳ ስልኩን እያሳየ «ይቺ የእርስዎ ልጅ አይደለችም እንዴ?» ይለዋል? ጂዳ ያሉ ጓደኞቿ ፎቶዋን ከነ «ኢና ሊላሂ» ፌስቡክ ወይም ቲክቶክ ላይ ለጥፈው ይሆናል። ዛሬውኑ ደውለሽ «እባካችሁ ቤተሰብ እስኪሰማ አንሱልን» በያቸው። ድሮ መርዶ የሚያመልጠው ከአልቃሽ አፍ ነበር። አሁን ከስልክ ነው።

ደግሞ አረፋን አስቢው። ወሎ ውስጥ አረፋ ማለት የሄደ የሚመለስበት፣ ያልተመለሰ የሚደውልበት ቀን ነው። አባትሽ ስልኩን ጭኑ ላይ አድርጎ ሊውል ነው። እናንተ ደግሞ ሥጋውን እየቆረሳችሁ ዓይናችሁን ልታሸሹ። በኋላ ይህን ሲያስታውስ የሚሰማውን እኔ አውቀዋለሁ። ቆሎው ነው።

«ታማለች እንበለው» የሚለው ሐሳብ ውስጥ ትንሽ እውነት አለ። ክፉ ወሬ እንደ ድንጋይ ድንገት አይወረወርም። ሐኪሞችም ለበሽተኛ ከባድ ነገር ከመንገራቸው በፊት አንድ የማዘጋጃ ቃል እንዲያስቀድሙ ይማራሉ። ግን ያ ቃል የአንድ ትንፋሽ ነው እንጂ የአንድ ሳምንት አይደለም። «ታማለች» ካላችሁት ዱዓ ያደርጋል። ለሕክምና ብር ልላክ ይላል። «በስልክ አገናኙኝ» ይላል። ያኔ ምን ልትሉት ነው? ሞታ ለተቀበረች ልጅ የመዳን ዱዓ ሲያደርግ መክረሙን ሲያውቅ ሐዘኑ ሁለት ይሆናል።

የሻዩን ነገር በአንድ አንቀጽ ልዝጋው። ዲያዜፓምም ሆነ ሌላ የእንቅልፍ ኪኒን ሐዘን አያክምም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ የአእምሮ ሕመም የሌለበት ሐዘንተኛ እንዲህ ያለ መድኃኒት እንዳይሰጠው መክሯል። የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሽማግሌ ላይ ደግሞ ማዞር፣ መውደቅ፣ መዘባረቅ ያመጣል። ደንዝዞ የሰማው ሰው ሲነቃ እንደገና መስማቱ አይቀርም። ሳይነግሩት በሻይ መስጠት ደግሞ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ነውር ነው።

እንግዲህ ወደ ዝግጅቱ። አንቺ በዘጠኙ ቀን ያልሠራሽው አንድ ሥራ አለ፤ ማንም አልነገረሽምና አልፈርድብሽም። አባትሽ መጀመሪያ ዝም ይላል፤ ቀጥሎ ይጠይቃል። የሚጠይቀውን ከአሁኑ ልነግርሽ እችላለሁ። በምን ሞተች? ማን ነበር አጠገቧ? ማን አጠባት? ማን ሰገደባት? የት ተቀበረች? ጓደኞቿ ጋ ደውይና እነዚህን አምስቱን ጠይቂ። መልሱን ወረቀት ላይ ጻፊው። ከቻሉ የመቃብሩን ቦታ ፎቶ ይላኩልሽ። «ታማ» የሚለው ራሱ ከማን እንደመጣም አጣሪ፤ ሆስፒታል ነበረች ወይስ ቤት? የማታውቂው ነገር ካለ «ይህን አላወቅሁም አባባ፤ እያጣራሁ ነው» በይው። ቀዳዳውን በፈጠራ አትድፈኝው። ሐዘንተኛ እያንዳንዷን ቃል ዕድሜ ልኩን ያገላብጣታል። ከሦስት ወር በኋላ የምትነቃ ውሸት የተነገረውን ሁሉ ታፈርሳለች።

ሰዎቹን ምረጪ። ሠላሳ ሰው አይደለም። አራት ይበቃል። አንቺ፣ አጎትሽ፣ አባትሽ የሚያከብረው አንድ እኩያው ወይም የሰፈሩ ሸህ፣ አራተኛ ደግሞ ግፊት መለካት የሚችል ሰው። ሰፈር ውስጥ ነርስ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አትጠፋም። ለቅሬው (ለሰፈሩ እድር) ዳኛ ከዋዜማው ይነገረው፤ ሰዉን ይዞ ይጠብቅ። ግን ከመነገሩ በፊት ድንኳን እንዳይተከል፣ ወንበር እንዳይወርድ። ድንኳን አፍ አለው።

ሰዓቱን ባህላችን ጥሩ አድርጎ መርጦታል። መርዶ በንጋት ነው። ብዙ ሰው «ጎረቤት ሳይበተን ነው» ይላል፤ እሱም አለበት። እኔ የምወድለት ግን ሌላ ነገሩን ነው። የሰማው ሰው ቀኑን ሙሉ ሰው መሐል ይውላል። የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት ብቻውን ጨለማ ላይ አፍጥጦ አያሳልፍም። ስለዚህ ከሱብሒ (ከንጋቱ ሶላት) በኋላ ይሁን። አንቺ ከኮምቦልቻ ከዋዜማው ወጥተሽ አክስትሽ ቤት እደሪ። አባትሽ ቤት አትደሪ። ፊትሽን ያነበዋል።

ሲነጋ ግቡ። አራት ሰው በማለዳ በሩ ላይ ያየ የወሎ ሽማግሌ ምን እንደመጣ አይጠፋውም። ስለዚህ ቡና ይፈላ፣ እንዴት አደርክ፣ ከብቱ እንዴት ነው እያላችሁ አታስጨንቁት። ይቀመጥ። አንቺ አጠገቡ ተቀመጪ። የጠዋት ኪኒኑን ካልዋጠ ይዋጥ። ከዚያ፦

«አባባ፣ ከባድ ወሬ ነው ይዤ የመጣሁት።»

አንድ ትንፋሽ ጠብቂ። ከዚያ ስሟን ጠርተሽ፦

«ጂዳ ሳለች ታማ ነበር። ወደ አኼራ ሄዳለች፣ አባባ።»

በቃ። ከዚህ በኋላ አፍሽን ያዢ። እዚህ ቦታ ላይ ነው ሁሉም ሰው የሚሳሳተው። ዝምታው ያስፈራናል፤ ስለዚህ እንሞላዋለን። «የአላህ ሥራ ነው፣ ምን ይደረጋል፣ አንተ ወንድ ነህ፣ ለልጅቱ ስትል ጠንክር» እንላለን። ሁሉም እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ገና አልደረሰም። እጁን ያዢና ጠብቂ።

አንድ የቃል ነገር ላንሳ። አንዳንድ መጽሐፍ «ሞተች» ከሚለው ቃል አትሽሹ ይላል። ለልጅ ልክ ነው፤ ወደዚያ እመጣለሁ። ለአንድ የወሎ አባት ግን «ሞተች» ብሎ ፊት ለፊት መናገር ድፍረት ሊመስል ይችላል። «ወደ አኼራ ሄደች» ሲባል ደግሞ ማንም አይሳሳትም። ዋናው ቃሉ ሁለት ትርጉም የሌለው መሆኑ ነው። «አንድ ነገር ሆናለች»፣ «ተጎድታለች»፣ «ነገሩ ጥሩ አይደለም» የሚሉት ግን ተስፋ ይተዋሉ።

«ለምን እስካሁን ደበቃችሁኝ?» ማለቱ አይቀርም። አትከራከሪ። «ፈርተን ነው፤ አጥፍተናል፤ አውፍ በለን» በይው። ግፊቱን ምክንያት አድርገሽ አታቅርቢ። የገዛ በሽታው ከልጁ መርዶ እንዳራቀው እንዲሰማው አንፈልግም።

ሊያለቅስ ይችላል። ላያለቅስም ይችላል። «ኢና ሊላሂ» ብሎ መቁጠሪያውን ብቻ ሊያንቀሳቅስ ይችላል። ያላለቀሰ ሁሉ ዋጥ አድርጎ የሚታመም አይደለም። ዕንባ ግዴታ የለውም። ከመጣ ግን «ተው አታልቅስ» የሚል እንዳይኖር። የክርስቲያን ጎረቤቶቻችሁ ደግሞ እንደ ወጋቸው ጮኽ ብለው ሊያለቅሱ ይችላሉ። ሸሁ ይህን «ተዉ» ሊሉ ይችላሉ። ወሎ ነውና ለዚህ አዲስ አይደለንም። አስቀድሞ አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ ቢነግራቸው ይበቃል።

ፊቱ ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ እጁ ወይም እግሩ ከዛለ፣ ምላሱ ከተሳሰረ፣ ደረቱን ጨምድዶ ከያዘው፣ ያ ሐዘን አይደለም። ውኃ እየረጫችሁ አትቆዩ። በቀጥታ ሆስፒታል። መኪናው ከሌሊቱ ይነገር፤ ባለቤቱ ቁልፉን ይዞ ሰፈር ውስጥ ይሁን። በቀጣዮቹ ቀናት ደግሞ ዋናው ጠላት ሌላ ነው፤ መርሳት። ለቅሶ ቤት ኪኒን ይረሳል፣ ቡና ይበዛል፣ ውኃ አይጠጣም፣ እንቅልፍ የለም። የአባትሽን ኪኒን የሚይዝ አንድ ሰው ብቻ ይመደብ። «ሁላችንም እናስታውሰዋለን» ማለት ማንም አያስታውሰውም ማለት ነው።

አሁን ልጅቱ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከአባትሽ ይልቅ ስለ እሷ ነው ያሰብኩት። እናንተ ስለ ግፊቱ ስትጨነቁ እሷን «ልጅ ናት» ብላችሁ ያለፋችኋት ይመስለኛል።

የ8 ዓመት ልጅ ሞት ምን እንደሆነ ይገባታል። ብዙ ልጆች ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ጊዜ የሞተ እንደማይመለስ ይረዳሉ። ስለዚህ «ሩቅ አገር ሄዳለች» አይሠራም። እናቷ አስቀድሞም ሩቅ አገር ነበረች! «ተኝታለች» ማለት ደግሞ ልጅን እንቅልፍ ያስፈራታል። እሷን የሚረዳት ግልጹ ቃል ነው። አባትሽ በሰማ በደቂቃዎች ውስጥ፣ ጩኸቱ ሳይጀመር፣ ለብቻዋ ጓዳ ውስጥ ያዢያት። እቀፊያት። «እማ ታማ ነበር። እማ ሞታለች።» የጀነቱን ነገር ከዚያ በኋላ ንገሪያት፤ ደስ ይላታል። ቅደም ተከተሉ ግን አይገልበጥ።

የሚመጡት ጥያቄዎች ሊያስደነግጡሽ ይችላሉ። «አሁን ትምህርት ቤት ማን ይከፍልልኛል?» ልትልሽ ትችላለች። ይህን የሰማ አንዳንድ ዘመድ «ምን ያለች ጨካኝ ልጅ!» ይላል። ጨካኝ አይደለችም። «እኔስ ምን ልሆን ነው?» እያለች ነው። መልሱን አዘጋጂ፤ «እኔና አያትሽ አለን። ትምህርትሽን ትቀጥያለሽ» በያት። የማትችሉትን ግን ቃል አትግቢላት።

ያልጠየቀችውን ደግሞ አንቺ ቅደሚያት። እናቷ የሄደችው «ላንቺ ስትል» እንደሆነ ይቺ ልጅ አራት ዓመት ሙሉ ሰምታለች። ጫማ ሲገዛላት፣ ደብተር ሲመጣላት፣ «እናትሽ እኮ ላንቺ ብላ ነው የምትንከራተተው» ተብላለች። አሁን እናቷ ሞተች። ሒሳቡን ልጅ እንዴት እንደምትሠራው አየሽው? «በኔ ምክንያት ነው።» በአፏ አትለውም። ስለዚህ አንቺ በያት፦ «እማ የሞተችው ስለታመመች ነው። ያንቺ ጥፋት አይደለም። ምንም ብታደርጊ ኖሮ አይለወጥም ነበር።» አንድ ጊዜ አይበቃም። በየሳምንቱ በያት።

ከዚያ ወጥታ ገመድ ልትዘል ትችላለች። ተዪያት። ልጅ ሐዘንን እንደ ጉንጭ ውኃ ነው የሚወስደው፤ ትንሽ ይጠጣና ያስቀምጠዋል፤ እንደገና ይመለሳል። «እናትሽ ሞታ ትጫወቻለሽ?» የሚላትን ሰው ግን ከግቢ ብታስወጪው አልፈርድብሽም። «ከእንግዲህ አያትሽን የምትጠብቂው አንቺ ነሽ» የሚላትንም እንደዚያው። ትምህርት ቤት ከለቅሶው ቀናት በኋላ ቶሎ ትመለስ። አስተማሪዋ ግን አስቀድማ ከእናንተ አፍ ትስማ።

ቅሬያችን ወሎ ውስጥ ካሉን ነገሮች ሁሉ እኔ የምኮራበት ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ባንድ ቅሬ ይቀብራል፣ ባንድ ድንኳን ይቀመጣል። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ሲያዙ፣ ስንቱ ሰው ሬሳውን ያለ ለቅሶ ቀበረ። ስንቱ ወንድሙ መሞቱን ከወራት በኋላ ሰማ። እነዚያ ሰዎች ናቸው በኋላ እኔ ጋ የመጡት። ምን ጎደላችሁ ስላቸው ብዙዎቹ የሚሉት «አልተለቀሰለትም» ነው። እኔ የማልተካው ነገር እንዳለ ያኔ ገባኝ።

ቅሬው የሚደክመው ከሳምንት በኋላ ነው። ድንኳኑ ይነሳል፤ ሰዉ ወደ ኑሮው ይመለሳል። ሐዘኑ ግን ገና መጀመሩ ነው። ሰው ባለበት ያልተሰማ ሰው በሌለበት ይሰማል። ስለዚህ የቅሬውን ሴቶች አንድ ነገር ለምኚልኝ። በወሩም፣ በአርባውም፣ በሦስተኛው ወርም ሳይቋረጥ፣ በየሳምንቱ አንድ ቤት ተራ ይዞ ለአባትሽ ቡና ይዞ ይምጣ። ወሬ ባይኖር እንኳ ይቀመጥ። ይህ ከእኔ ቢሮ አምስት ቀጠሮ ይበልጣል። ሥራዬን እያቃለልኩ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም ቢሆን ለያንዳንዱ ሐዘንተኛ የምክር ሕክምና ይሰጠው አይልም። አብዛኛው ሰው በሰው ይሽራል።

አንድ ከባድ ነገር አለ፤ በተለይ ለእናንተ እጽፈዋለሁ። ለቅሶ ላይ «እኔን ይውሰደኝ»፣ «ልከተላት»፣ «ምን ልሠራ እኖራለሁ» ይባላል። ቋንቋችን እንደዚያ ነው። ድንኳን ውስጥ፣ ሰው መሐል፣ በጩኸት የተባለውን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ሙሾ ውሰጂው። የምፈራው ሌላውን ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ በዝግታ፣ ማንም ሳይጠይቀው የተባለውን። ኪኒኑን መዋጥ ከተወ። ዕቃውን ለሰው ማከፋፈል ከጀመረ። ልጅቱን «አደራ» እያለ ማስረከብ ካበዛ። ያኔ ፊት ለፊት ጠይቂው፦ «አባባ፣ ራስህን ልታጠፋ አስበህ ታውቃለህ?» ይህን መጠየቅ ሐሳቡን ልቡ ውስጥ አይዘራም። ሐሳቡ ካለ ግን ብቻውን እንዳይሸከመው ያደርጋል። «አዎ» ካለሽ ብቻውን አይደር፤ በማግስቱ ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይዘሽው ሂጂ። እምነት ያለው ሰው አያስበውም የሚልሽን አትስሚ። ይጸልያልም፣ ያስባልም።

ሐዘን አምስት ደረጃ አለው ሲባል ሰምተሽ ይሆናል። ኤሊዛቤት ኩብለር ሮስ የምትባል ሐኪም በ1969 እ.ኤ.አ. ያቀረበችው ነው። መነሻዋ ግን ራሳቸው ሊሞቱ የተቃረቡ በሽተኞች ነበሩ እንጂ ሰው የሞተባቸው አልነበሩም። አባትሽ ከአምስቱ አንዱን፣ ቁጣውን፣ ዘልሎ ቢያልፍ ወይም ሁለት ጊዜ ቢመላለስበት ምንም አልጎደለበትም። እኔ ከሁሉም የሚገባኝ ስትሮቤና ሹት የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በ1999 እ.ኤ.አ. የጻፉት ነው። ሐዘንተኛ ወዲያና ወዲህ ይላል ይላሉ፤ አንዴ ወደ ሞተው ሰው፣ አንዴ ወደ ኑሮው። ጠዋት ያለቀሰ ሰው ከሰዓት በኋላ ሰኞ ገበያ ወጥቶ በእህል ዋጋ ቢከራከር ረሳ ማለት አይደለም። እንዲያውም መንገዱ እሱ ነው።

ጊዜው ስንት ነው ካልሽኝ፣ ሐዘኑ አያልቅም፤ ይለዝባል። ከስድስት ወር በኋላም ናፍቆቱ በየቀኑ እንደ መጀመሪያው ሳምንት ከጨመደደው፣ ከቤት ካልወጣ፣ መሞቷን ጭራሽ መቀበል ካቃተው፣ ያኔ ባለሙያ ይየው። በ2022 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ የሕመሞች ዝርዝር ይህን ራሱን የቻለ ችግር ብሎታል። ሕክምናም አለው።

የእናንተን ሐዘን የሚያከብደው ሬሳ አለማየታችሁ ነው። ፖሊን ቦስ የምትባል አሜሪካዊት፣ በቬትናም ጦርነት የጠፉ አብራሪዎችን ቤተሰቦች ስታጠና ለዚህ ዓይነቱ ነገር ስም አወጣችለት። ያልለየለት እጦት ልንለው እንችላለን። ዓይን ያላየውን ልብ እሺ አይልም። አባትሽ ከወር በኋላ «ምናልባት ሌላ ሴት ትሆን እንዴ? ስም ተሳስተው ይሆን?» ቢልሽ አእምሮው ተነካ እንዳትይ። ለዚህ ነው የመቃብሩን ፎቶ ያልኩሽ። ያጠበቻት ሴት በስልክ ብታናግረው ከሁሉም ይበልጣል። ጂዳ ያለው የኢትዮጵያ ቆንስላ የሞት ማስረጃውን በማግኘት ሊረዳችሁ ይችላል፤ ያልተከፈላት ደመወዝ ካለም በዚያው ጠይቁ። ይህ ግን የሳምንቱ ሥራ አይደለም።

ሸሁን ስለ ሶላተል ጋኢብ አማክሯቸው። በሌለችበት የሚሰገድ የጀናዛ ሶላት ነው። ሊቃውንት ይለያዩበታል፤ ውሳኔው የእሳቸው ነው። ግን መሠረቱ ምን እንደሆነ አባትሽ ሳያውቅ አይቀርም። ነቢዩ መዲና ሆነው የሰገዱት እዚህ አገር ለሞተው ለነጃሺ ነው። ከሐበሻ ባሕር ማዶ ሞቶ የተቀበረ ሰው ላይ ከዚህ ሆኖ መስገድ ለእሱ ምን እንደሚሆን አንቺው ገምቺ።

አሁን አንቺ። «በገዛ እጄ እንዳልገድለው» ብለሻል። አብሽሪ። አንቺ የምታደርሺው የደረሰን ነገር ነው። ድምፅሽ ቢሰበር ይሰበር፤ መርዶ ነጋሪ ማልቀስ አይከለከልም። ቃሉ ከአፍሽ ካልወጣ አጎትሽ እንዲጨርሰው ከአሁኑ ተስማሙ። ከፋብሪካው ፈቃድ ውሰጂ፤ የሦስት ቀን ብቻ አይሁን። ሽንት ቤት ገብተሽ ተደብቀሽ ያለቀስሽበት ዘመን ያብቃ። ሁሉም ከሰማ በኋላ አንቺም ፍራሽ ላይ ተቀመጪ፤ ሻይ አታመላልሺ። ሌላ ሰው ያመላልስ።

ዓርብ ማታን አትርሺ። የመጀመሪያዋ ዓርብ ስትመጣ ያቺ ሰዓት ትመጣለች። ልጅቱ ስልኩን ታየዋለች፤ አባትሽም ያየዋል፤ ሁለቱም እንዳላዩ ይሆናሉ። አንቺ እዚያ ሁኚ። እህትሽ የላከቻቸውን የድምፅ መልእክቶች ከአሁኑ ሌላ ስልክ ላይ ገልብጠሽ አስቀምጪ፤ ስልክ ይጠፋል፣ ይሰረቃል። ሰዓቱ ሲደርስ ልጅቱን «የእማን ድምፅ እንስማ ወይስ ቡና እናፍላ?» ብለሽ ጠይቂያት። የመረጠችውን አድርጉ።